ቀኑ ያለፈበት ምግብ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት ነውን?

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በፈተና ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የደረሰው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት ሆኖኛል። ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን፤ ሁለታችን ከሆሳዕና፥ አንዱ ከዱራሜ፥ አንዱ ከአንጋጫ፥ የቀሩት ሁለቱ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ማታ ጓደኛችን ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ብስኩት አገኘና ማሸጊያውን ቢያየው «09/2017» የሚል ታትሞበታል። «ይህ እኮ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈው ነው፤ ኤክስፓየር አድርጓል!» አለና ካርቶኑን እንዳለ ወስዶ ከቆሻሻ ጣለው።

ይኸው ጓደኛችን ብስኩቱን ጥሎ እንደ ተመለሰ ለምሳ ከተገዛው ሩዝ የተረፈውንና በምሳ ዕቃ ተከድኖ የዋለውን አወጣ። «ዛሬ የተሠራ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ አሞቀና ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ላይ በላው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ማስመለስ ጀመረ፤ ደግፈን ወደ ክሊኒክ ወሰድነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አድሮ የጠዋቱን ፈተና ሳይፈተን ቀረ። በማግሥቱ ከካርቶኑ የወደቀውን አንድ ፓኮ ብስኩት አንሥተን ብናየው ከቁጥሩ አጠገብ በደቃቅ ፊደል «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ያ ብስኩት የሚያበቃው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነበረ፤ ገና አራት ወር ቀርቶታል!

በዚያው ቀን ሁላችንም የበላነው ሦስተኛ ምግብ ነበረ። የአንጋጫው ልጅ እናት የላኩለት የቆጮ ቂጣ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ መሆኑን ልጁ ራሱ ነግሮናል። ቀን አልታተመበትም፤ ማንንም አላመመም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ በል። ቀኑ ያላለፈው ተጣለ፤ ዛሬ የተሠራው አሳመመ፤ ቀን የሌለው አሮጌ ምግብ ስድስት ሰው አጠገበ። ስለዚህ ምግብ ለመብላት ያስጋል ወይስ አያስጋም ብሎ ለመፍረድ የቀን ቁጥር ብቻውን በቂ ዳኛ አይደለም። ታዲያ ሌላው ዳኛ ማን ነው? ይህን እንመርምር።

ቀኑ የሚናገረውና የማይናገረው

በማሸጊያ ላይ የሚታተመው ቀን በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «እስከዚህ ቀን ድረስ ቢጠቀሙበት ይመረጣል» የሚል ነው፤ ይህ ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት የሚሰጥ የፋብሪካው ቃል ነው። ቀኑ ሲያልፍ ብስኩቱ ይለሰልስ ይሆናል፤ ማካሮኒው ጣዕሙ ይቀንስ ይሆናል፤ እንጂ በዚያች ሌሊት ወደ መርዝነት አይለወጥም። ሁለተኛው «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙበት» የሚል ነው፤ ይህ ቶሎ ለሚበላሹ ምግቦች የሚሰጥ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ነው። ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ አውጪ ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ደንቡ ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ቀን እንዲታተም የሚያስገድደው በሕፃናት ወተት ላይ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይደነቃል፤ በሌላው ምግብ ላይ የሚገኘው ቀን አብዛኛው ፋብሪካው በገዛ ፈቃዱ የሚያትመው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ነጋዴ ቀኑ ያለፈበትን ምግብ እንዲሸጥ ማንም አይፈቅድለትም፤ በአገራችን ይህን ሥራ የሚቆጣጠረው ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። እኔ የምናገረው በገንዘባችን ገዝተን በቤታችን ስላስቀመጥነው ምግብ ነው። ቀኑ ያለፈበት ዕቃ በሱቅ ስናገኝ «ጋሼ፥ ይህ ቀኑ አልፏል» ብሎ መመለስ መብታችን ነው፤ ነውርም የለበትም።

ቀኑ የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ። ፋብሪካው ያንን ቀን ሲያትም «ደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ፥ ማሸጊያውም ባይከፈት» በማለት ነው። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና በፀሐይ ተጭኖ የመጣ፥ ከዚያም በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ዘይትና ወተት ግን ያን ውል አላገኘም። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ነፋሻ ከተማ ናት፤ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርዱት የጎምቦራና የጊቤ ቆላዎች ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። አንድ ቀን የታተመባቸው ሁለት ዕቃዎች በሁለቱ ስፍራ እኩል አይቆዩም። የተከፈተ ዕቃ ሲሆንማ የታተመው ቀን ሥራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆጠረው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው።

ሁለት ዘመን፥ አንድ ማሸጊያ

የጓደኛችንን ብስኩት ያስጣለው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። በሱቆቻችን ውስጥ ከውጭ የመጣውና ባገር ውስጥ የተሠራው ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይገኛል፤ ከውጭ የመጣው በፈረንጅ ዘመን ሲታተም ያገር ውስጡ በየትኛውም ሊታተም ይችላል። ስሕተቱ በሁለት ወገን ይመጣል። በኛ ዘመን የተጻፈውን እንደ ፈረንጅ ያነበበ ሰው ጥሩውን ምግብ ይጥላል፤ ይህስ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ነው። በፈረንጅ ዘመን የተጻፈውን እንደኛ ዘመን ያነበበ ግን ያለፈበትን ምግብ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ይበላል፤ ይህ የባሰው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከሚያበቃበት ቀን ጎን የተመረተበትን ቀን ፈልግ፤ ሁለቱን ስታስተያይ ዘመኑ ራሱ ይገለጽልሃል። ቀጥሎ ሒሳቡን አስታውስ፤ ከመስከረም 1 ቀን አንሥቶ እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከፈረንጆች ጥር መባቻ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ዓመት ነው። ወሩንም አትርሳ፤ በኛ 3ኛው ወር ኅዳር ነው፤ በፈረንጅ ግን 3ኛው ወር ማርች ሲሆን ወደ የካቲትና መጋቢት ይወድቃል። «05/09» የሚል ቁጥርም አንዳንዱ አገር ቀኑን፥ አንዳንዱ አገር ወሩን ስለሚያስቀድም አምስተኛው ወር ይሁን ዘጠነኛው ከአገሩ ልማድ ይታወቃል። ሆኖም የሕፃን ወተት ሲሆን ጥርጣሬ ካለ አለመግዛት ይሻላል።

አፍንጫ የሚያውቀውና የማያውቀው

ብዙ ሰው «ካልሸተተ አልተበላሸም» ይላል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት፥ ግማሹ አደገኛ ነው። በምግብ ላይ የሚያድጉት ጥቃቅን ነፍሳት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ አበላሾች ናቸው፤ ያሸትታሉ፥ ያዝላሉ፥ መልክ ይለውጣሉ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤናማን ሰው በብርቱ አያሳምሙም። ሁለተኞቹ አሳማሚዎች ናቸው፤ እነ ሳልሞኔላ በምግብ ውስጥ ተባዝተው ሽታም ጣዕምም ሳይለውጡ ሊገኙ ይችላሉ። አፍንጫ የአንደኞቹ ጠላት ነው፤ ሁለተኞቹን ግን አያውቃቸውም።

የጓደኛችን ሕመም መንሥኤ ምን እንደ ሆነ በላቦራቶሪ አልተመረመረም፤ የሕመሙ አኳኋንና ሰዓቱ ግን በሩዝ ከሚታወቀው ባሲለስ ሴሪየስ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር ይስማማል። የዚህ ባክቴሪያ ዘር ውሃ ቢፈላበትም አይሞትም። ሩዙ ተቀቅሎ በሞቃት ስፍራ ሲውል ዘሩ ይነቃል፥ ይባዛል፥ የሚያስመልስ መርዝም ይሠራል። ያ መርዝ አንዴ ከተሠራ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም፤ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውን ያስመልሰዋል። ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለውም መርዙ እንደዚሁ መፍላትን ይቋቋማል። ስለዚህ «አሙቄ እበላዋለሁ» ማለት ሁልጊዜ መድኅን አይሆንም።

የእነዚህ ነፍሳት ርቢ እንዴት እንደሚፈጥን ሒሳብ ተማሪዎች ያስሉት። በሚመቻቸው ሙቀት አንዱ በየ20 ደቂቃው ሁለት ይሆናል። አንዱ ብቻ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቢገባ ከሰባት ሰዓት በኋላ 21 ጊዜ ተባዝቶ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አምስት የምግብ ጥንቃቄዎች ውስጥ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ አይቀመጥ፤ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ይቆይ፥ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ ያለው ስለዚህ ነው። ይኸው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በምግብ ምክንያት ይታመማል፤ 420,000 ይሞታል።

እናቶቻችን ያለ ማኅተም እንዴት ያውቃሉ?

አሁን ወደ ቆጮው እንመለስ። በሀዲያና በከምባታ ቆጮ የዕለት እንጀራ ነው። እንሰት ከአበበ በኋላ ስለማይጠቅም ከማበቡ በፊት ይቆረጣል፤ ግንዱ ይፋቃል፥ ሥሩ ይከተከታል፤ ከዚያም በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀበራል። ቆጮ ከጥቂት ወራት እስከ ዓመታት የሚቆየው ለምንድን ነው?

ተመራማሪው ብርሃኑ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት በጉድጓዱ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ተራ በተራ እየተነሡ ያቦኩታል። የአሲድነቱ መለኪያ፥ ፒኤች የሚባለው፥ መጀመሪያ ከ6.5 አካባቢ ተነሥቶ ወደ 4.2 ገደማ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በዚህ ኮምጣጣነት አብዛኞቹ አሳማሚ ነፍሳት ሊራቡ አይችሉም። ለምሳሌ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ ሕመም የሚያመጣው ባክቴሪያ ከ4.6 በታች በሆነ ፒኤች አያድግም። እንግዲህ ቆጮ የቆየው በዕድል አይደለም፤ ጉድጓዱ ራሱ የጥበቃ ቤት ነው። ከሁሉም በላይ ቆጮ ከመበላቱ በፊት በምጣድ ይጋገራል፤ ይህ ሁለተኛው ጥበቃ ነው።

እናቶቻችን ፒኤች የሚባል ቃል አይናገሩም፤ ሥራውን ግን ያውቁታል። ጉድጓዱን በየጊዜው ከፍተው ያናፍሱታል፤ ያረጀውን ቅጠል በአዲስ ይለውጣሉ፤ ውሃ እንዳይገባው እንደገና ጠቅጥቀው ድንጋይ ይጭኑበታል። ሲያወጡት መልኩን ያያሉ፥ በጣታቸው ይጨምቁታል፥ ያሸትቱታል። የለመዱት ኮምጣጣ ሽታ ከሆነ ይቀበሉታል፤ ያልለመዱት ሽታ፥ ዝልግልግነት ወይም ትል ከታየበት ያንን ክፍል አንሥተው ይጥላሉ። የአፍንጫ ዳኝነት በቆጮ ላይ የሚሠራው አሲዱ አስቀድሞ አሳማሚዎቹን ስለከለከለ ነው። በሩዝ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ አፍንጫህን ከማመንህ በፊት ምግቡን የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ ጠይቅ።

ምግብን የሚጠብቁት አራት ነገሮች

ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ድርቀት፥ ኮምጣጣነት፥ ጨው ወይም ስኳር፥ በመጨረሻም በሙቀት ተቀቅሎ መታሸግ ናቸው። በነዚህ መለኪያ የምናውቃቸውን ምግቦች እንያቸው።

ደረቅ ምግብ፦ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ብስኩት፥ ማካሮኒ፥ ደረቅ ሩዝ ውሃ ስለሌላቸው ነፍሳት አይራቡባቸውም። ማሸጊያው ካልተቀደደ፥ እርጥበትና ነቀዝ ካልገባው ቀኑ ጥቂት ቢያልፍ አያስፈራም። ውሃ ከነካው ግን ጠባቂው ሄዷል።

ቅቤ፦ ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ተጠራቅሞ የሚነጠረው ቅቤ ውሃው በእሳት ስለ ወጣ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ሲቆይ የሚሰነፍጠው ዘይትነቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ስለተለወጠ ነው፤ ጣዕሙን ያጠፋል እንጂ እንደ ሩዙ ድንገት አይጥልም። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ግን ውሃና ወተት አለበት፤ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው።

ቆርቆሮ፦ በ1865 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ወንዝ በሰጠመች ቤርትራንድ በምትባል መርከብ ውስጥ የተገኙ ቆርቆሮዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ሲመረመሩ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ነፍሳት አልበቀሉባቸውም፤ መልካቸው፥ ሽታቸውና ቫይታሚናቸው ግን ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ ቱናና ሳልሳ ቆርቆሮው ደኅና ከሆነ ቀኑ ትንሽ ስላለፈ ብቻ መርዝ አይሆኑም። ነገር ግን ያበጠ፥ የሚያፈስ፥ ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ወይም ሲከፈት የሚተነፍግ ቆርቆሮ ቀኑ ባያልፍም ሳይቀመስ ይጣል። እብጠቱ ውስጡ የሚኖር ነገር እንዳለ ምስክር ነው፤ የቦቱሊዝም መርዝ ደግሞ በጥቂቱም ይገድላል።

በዘይት የተሸፈነ ዳጣ፦ ዘይት አየር ይከለክላል፤ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርትም በራሳቸው በቂ ኮምጣጣ አይደሉም። አየር የሌለበትና ያልኮመጠጠ ስፍራ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ የሚወደው ነው። ዳጣ በጥቂቱ ተዘጋጅቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ለወራት በጠርሙስ አይቀመጥ።

የበሰለ ወጥ፥ ሩዝ፥ ሥጋ፥ ወተት፦ እነዚህ ውሃ አላቸው፥ አልኮመጠጡም፥ ጠባቂ የላቸውም። በነዚህ ላይ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። የጥሬ ሥጋና የክትፎ ነገርማ ከዚህ ይብሳል፤ የዕለቱን ብቻ፥ ያውም የተመረመረውን መሆን አለበት።

ሻጋታ ያለበት ለውዝ፥ በቆሎና በርበሬ፦ እዚህ ላይ ቀኑም አፍንጫውም አይረዱም። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል ወፎች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ፤ ሲመረመር በሻገተ የለውዝ መኖ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን ኬንያ በምሥራቁ ክፍል የሻገተ በቆሎ 317 ሰው አሳምሞ 125ቱን ገደለ። መርዙ በማጠብም በመቁላትም ተጠርጎ አይወጣም፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላው ደግሞ ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። የሻገተውን ለቅሞ የቀረውን መፍጨት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ይቅር። የሻገተ ዳቦና እንጀራም የሻገተው ብቻ ተቆርሶ አይበላም፤ ሥሩ ከሚታየው አልፎ ይሄዳልና።

ስለ ማፍላት አንድ ማሳሰቢያ

በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በሆሳዕና ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ወጥ ስናሞቅ ጠርዙ ሲንፈቀፈቅ ማውረድ አይበቃም፤ መካከሉ እስኪፈላ እያማሰልን ጥቂት ደቂቃ እንጨምርበት። ይህ ሕይወት ያላቸውን ነፍሳት ይገድላል፤ አስቀድሞ የተሠራውን የሩዝና የእጅ መርዝ ግን አያጠፋም።

ስንጠራጠር የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

አንድ ምግብ በእጃችን ይዘን ስናመነታ በቅደም ተከተል እንዲህ ብለን እንጠይቅ። የሚበላው ማን ነው? ሕፃን፥ እርጉዝ፥ ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ከሆነ ክርክር የለም፤ ቀኑ ይከበር፥ ያጠራጠረው ይጣል። የታተመው ዘመን የማን ነው? ጠባቂው ምንድን ነው፤ ደርቋል፥ ኮምጥጧል፥ ጨው ወይም ስኳር አለው ወይስ በደኅና ታሽጓል? ጠባቂው ሳይነካ ቆይቷል ወይስ ተከፍቷል፥ ረጥቧል፥ ሞቋል? ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ አፍንጫና ዓይን ይጠየቁ። እነርሱ «ይጣል» ካሉ ይጣል፤ «ይበላ» ካሉ ግን የሚታመኑት የፊተኞቹ ጥያቄዎች ከተመለሱ ነው። ለመፈተን ብሎ መቅመስ ግን ፈጽሞ አይገባም።

አንዳንድ ወንድሞች «የተማሪ ኪስ ይህን ሁሉ አይችልም፤ የተረፈ ከጣልን ምን እንበላለን?» ይሉ ይሆናል። አባባሉ ትክክል ነው፤ እኔም ከነርሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን በዚያች ሌሊት የጣልነው ካርቶን ብስኩት ለሳምንት ይበቃን ነበር፤ ያዳነው ግማሽ ሳህን ሩዝ ደግሞ ጓደኛችንን የአንድ ፈተና ዋጋ አስከፈለው። ቁጠባ ማለት ሁሉን መብላት አይደለም፤ የሚጣለውንና የሚበላውን ለይቶ ማወቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የሱቅ ማሸጊያ ለማንበብ ለእናቶቻችን የምንረዳቸው እኛ ነን፤ የዘመኑን ልዩነትና የሕፃኑን ወተት ቀን እናሳያቸው። እነርሱ ደግሞ ጉድጓዱን ሲከፍቱ አጠገባቸው ቆመን እንይ፥ እንጠይቅ። የአንጋጫው ጓደኛችን በክረምቱ ሄዶ እናቱን «ቆጮው መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ጥቂት ቆንጥረው በእጁ ላይ አኖሩለትና «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ከዚያ እነግርሃለሁ» አሉት።